አሠልጣኙን ማን ይቆጣጠረው?

እ.ኤ.አ. በማርች 2021 በኒውዮርክ ግዛት ሞንቱር ፎልስ በሚገኘው የእሳት አደጋ ተከላካዮች አካዳሚ፣ አንድ የ21 ዓመት ሠልጣኝ የመተንፈሻ መሣሪያ አጥልቆ ሲለማመድ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላም ሞተ። የግዛቱ የሥራ ደኅንነት ቢሮ መርምሮ የደንብ ጥሰቶች አገኘ። ግን ከዚያ ቀን በፊት ማን ይቆጣጠር ነበር? አካዳሚውን የሚያስተዳድረው የግዛቱ የእሳት መከላከልና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ነው። ትምህርቱን የሚያዘጋጀውም፣ የብቃት ምስክር ወረቀት የሚሰጠውም ይኸው ጽሕፈት ቤት ነው። ሰዎቹ የቱንም ያህል ቅን ቢሆኑ፣ የራሱን ጉድለት ቀድሞ የሚያየውም በጉድለቱ የሚወቀሰውም አንድ አካል ሲሆን ዝምታ ይቀናዋል።

ሕግ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ፤ ግን ቀዳዳ አለበት። የ1970ው የፌዴራል የሥራ ደኅንነት ሕግ የግዛትና የከተማ ሠራተኞችን አያቅፍም። ኒውዮርክ ክፍተቱን በ1980 በራሷ ሕግ ብትሞላም፣ ተቆጣጣሪውም ቁጥጥር የሚደረግበትም በአንድ አገረ ገዥ ሥር ናቸው። ናዮሽ የተባለው የፌዴራል የምርምር ተቋም ከ1998 ጀምሮ የእሳት አደጋ ተከላካዮችን ሞት ሲያጠና ቆይቷል፤ ይመክራል እንጂ አይቀጣም፣ የሚደርሰውም ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በእውነተኛ እሳት ለሚደረግ ልምምድ የወጣው 1403 የተባለው መስፈርት እንኳ የታተመው በ1986 ነው፤ በ1982 በኮሎራዶ ቦልደር ሁለት ሰዎች በልምምድ ላይ ከሞቱ በኋላ። ያወጣውም የግል ማኅበር በመሆኑ፣ ግዛት በሕግ ካልተቀበለው አያስገድድም።

ሙያተኞች የሚያነሡት ተቃውሞ ክብደት አለው፦ እሳት አይራራም፤ ሥልጠናውም ሊለዝብ አይገባም፤ ሙያውን የማያውቅ ሰውስ ምን ብሎ ይፈርዳል? ሥልጠናው ከባድ መሆን እንዳለበት እስማማለሁ። ቁጥጥር ግን እሳቱን አያጠፋም። መስፈርቱ ራሱ ልምምዱን ሳይከለክል የደኅንነት ኃላፊ እንዲመደብ ይጠይቃል፤ ሕያው ሰው ተጎጂ መስሎ እንዲተኛም አይፈቅድም። ዋናው ነገር ሠልጣኙ ነው። የመመረቁ ነገር በአሠልጣኙ እጅ እያለ «መተንፈስ አቃተኝ» ለማለት ይፈራል፤ ይህን ፍርሃት የሚሰብረው ከአሠልጣኙ ውጭ የሚሰማው ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ዕውቀትን በተመለከተ ደግሞ የማሳቹሴትስን አሠራር ማየት ይጠቅማል፦ በዚያ ግዛት የሥልጠናውን ፖሊሲ የሚያወጣው ለዚሁ የተቋቋመ የእሳት ሥልጠና ምክር ቤት ነው። እኔ ግን በዚህ አላበቃም፤ የእንዲህ ዓይነቱ ምክር ቤት አባላት ሁሉም የአንድ ሙያ ሰዎች ከሆኑ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ሐኪምና የሥራ ደኅንነት ባለሙያ ይጨመሩበት፤ ሳያስታውቅ የመጎብኘት፣ አደገኛ ልምምድን የማስቆምና ግኝቱን ለሕዝብ የማሳተም ሥልጣንም ለምክር ቤቱ በሕግ ይሰጠው። የየግዛቱ ሕግ አውጪዎች ሌላ ሠልጣኝ እስኪሞት ሳይጠብቁ ይህን ሊደነግጉ ይገባል።