ሞተሩን ራሱ የሚያጠፋው መኪና

ባለፈው እሑድ ከአራዳ ጊዮርጊስ ስንመለስ ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ልጄ ፍሬን እንደያዘ ሞተሩ ጸጥ አለ። «ጠፋብህ እንዴ?» አልኩት። የልጅ ልጄ ከኋላ ሳቀች፤ «አባባ፣ ራሱ ነው የሚያጠፋው!» እግሩን ከፍሬኑ ሲያነሳ ሞተሩ ተነሳ።

ልጄ «ነዳጅ ይቆጥባል» ይላል። ዕድሜውን በላዳ ታክሲ የጨረሰው ጎረቤቴ ደግሞ «ባትሪና ሞተሪኖ ይበላል» ባይ ነው። እነዚህ መኪኖች ግን ለዚሁ የተሠራ ጠንካራ ባትሪና ሞተሪኖ አላቸው፤ ጣጣው የሚመጣው ባትሪው ሲያልቅ ተራ ከተገዛላቸው ነው። ያልወደደውም በአንድ ቁልፍ ያስቆመዋል።

እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ድሮ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ስንወርድ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተን እንንሸራተት ነበር። ልጆች ጭኜም አድርጌዋለሁ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ይከዳል፤ ቁልፉ ከወጣማ መሪው ይቆለፋል። የልጄ መኪና የሚያጠፋው ሲቆም ነው፤ የፍሬኑ ኃይል ከቀነሰም ራሱ ያስነሳል።

ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ።

«አባባ፣ ያኔ ከኋላ የነበርኩት እኔ ነኛ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።