ከብስኩት ጣሳ ወደ ሳሎን ግድግዳ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል በጥምቀት ሰሞን ከአንደበት አይጠፋም። ለጥምቀት የሆነው፣ ያውም ለብዙ ጥምቀት የሆነው ቀሚስ ሲያረጅስ ምን ይደረግ? በብዙ ቤት መልሱ አንድ ነው፤ መጀመሪያ የሌሊት ልብስ፣ ቀጥሎ የአቧራ መጥረጊያ ይሆናል። በእኛ ቤት ግን ባለፈው ዓመት ከገና እስከ ከተራ በነበሩት ቀናት የእናቴ የጥምቀት ቀሚስ ሌላ አገልግሎት አገኘ። ቤተሰቡ በሦስት ትውልድ ያጠራቀማቸው የደረት ባጆች የሚሰኩበት የግድግዳ ጨርቅ ሆነ። ስለ አሠራሩና በሥራው መካከል ስለ ተነሣው ክርክር ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

ባጆቹ ለዓመታት የኖሩት በቁም ሣጥን አናት ላይ በተቀመጠ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ነበር። ለገና ቤት ሲጸዳ የዘጠኝ ዓመቷ የእኅቴ ልጅ ጣሳውን አወረደችና ከፈተችው። ዐሥራ አራት ባጆች ነበሩ። ሁለቱ በዝገት ተጣብቀዋል፤ የአንደኛው መርፌ ገና ሲነካ ተሰበረ። ልጅቷ አንድ በአንድ እያነሣች «ይህ የማን ነው?» ስትል ጠየቀች። የ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት መታሰቢያ የአያቴ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የዐድዋ ድል መቶኛ ዓመት በ1988 ዓ.ም. ሲከበር የተገዛው የወንድሜ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ሰማያዊ ጥብጣብ ያለው፣ የእኅቴ ነው። አምስቱን ግን የማን እንደ ሆኑ፣ ለምንስ እንደ ተሰጡ የሚያውቅ አልተገኘም። የሚያውቁት አያቴ ነበሩ፤ እርሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል። እናቴ ይህን ሲሰሙ ጣሳውን ወስደው፣ «የቀሩትም ሳይጠፉ ወደ ግድግዳ ይውጡ» አሉ።

ወደ ሥራው እንግባ። የቀሚሱ ብብትና ወገብ ሳስቶ ነበር፤ ከታች የዞረው ጥበብ ግን እንደ አዲስ ነው። ጨርቁ በቅድሚያ በለብታ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ብዙ ጊዜ ተለቅልቆ፣ ፀሐይ ላይ ደረቀ። ይህን ማለፍ አይገባም፤ በጨርቁ ውስጥ የቀረ ሳሙናም ሆነ ላብ ብረትን ይበላልና። ከዚያም ጥበቡ ከታች በኩል እንዲውል ሆኖ ወርዱ 44፣ ቁመቱ 58 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ተቆረጠ። ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት፣ ከታችም ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ ይዘመዘማል። ከላይ ስድስት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይታጠፍና ዘንግ የሚያልፍበት ቱቦ ይሆናል። ሲያልቅ 40 በ50 ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ባጅ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጨርቁን ነጠላውን በመስቀል ነው። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ድርና ማጉ ላላ ያለ ስለ ሆነ ባጅ ሲሰካበት ቀዳዳው ይሰፋል፤ ጨርቁም በክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል። ስለዚህ በመካከል ወፍራም ነገር ያስፈልጋል። እናቴ ከአሮጌ ጋቢ ላይ 40 በ50 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው በቀሚሱ ጨርቅ ጀርባ አነጠፉና በአቡጀዲ ገበር ሸፈኑት። ሦስቱን ንብርብር በአራት በአራት ጣት ርቀት በእጅ ጠቀሙት። የስፌት መኪና ነበራቸው፤ ነገር ግን መኪናው ጋቢውን ስለሚያጨማድደው እጅን መረጡ። ጎረቤት ከበግ ጠጉር የተሠራ የብርድ ልብስ ቁራጭ ሰጥታን ነበር። እናቴ አልተቀበሉም። እርሳቸው ያሉት ስለ ክብደቱ ነው፤ ለእምቢታቸው ግን ሌላም በቂ ምክንያት አለ። የበግ ጠጉር በውስጡ ድኝ ስላለው አጠገቡ የዋለን ብር ያጠቁራል። የአያቴ ባጅ ደግሞ የብር ቅብ ነው። ታጥቦ የጠራ ጥጥ ይህ ጠባይ የለበትም።

ባጆቹን ማጽዳት የልጆቹ ድርሻ ሆነ። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ደረቅ ጨርቅ በቂ ነው። ሎሚና ኮምጣጤ ያበራል ሲባል ይሰማል፤ ለጊዜው ያበራል፣ ነገር ግን ቅቡን ይልጣል፣ በቀለሙ ሥር ገብቶም ብረቱን ይበላል። ከጀርባቸው እንደ መርፌ ቁልፍ ያለ ማያያዣ ያላቸው በቀላሉ ይሰካሉ። አንድ ሹል እግር ኖሯቸው በትንሽ የብረት ቆብ የሚያዙት ወይም በዳዶ የሚጠብቁት ግን ሦስቱንም ንብርብር ማለፍ ስላለባቸው አስቀድሞ በወፍራም መርፌ ቀዳዳ ማዘጋጀት ይሻላል። በጥብጣብ የሚንጠለጠል የሩጫ ሜዳሊያ ለዚህ ጨርቅ አይሆንም፤ ይጎትተዋል። የወንድሜን ሜዳሊያ ዘንጉ ጫፍ ላይ ሰቀልነው።

ከመሰካቱ በፊት ባጆቹ ሁሉ በጠረጴዛ ላይ በተነጠፈው ጨርቅ ላይ ተደረደሩ። ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ከዐሥራ አራቱ አንዱ በ1977 ዓ.ም. መስከረም የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር በመሥሪያ ቤት ለአባቴ የተሰጠው ባጅ ነው። አባቴ ሲያዩት አነሡና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ታናሽ ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም። «እኔ በምበላበት ቤት ግድግዳ ላይ አይወጣም» አሉ።

ልጅቷ ግን ሌላ ባጅ እየጠቆመች፣ «የእማማስ? የእርሷም የዚያው ዘመን አይደለም እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። የእናቴ ባጅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ባጅ ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር እናቴ በደብረ ማርቆስ የሚኖሩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ወጣት ነበሩ። ማታ ማታ ያስተማሯቸው አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናቸው፤ ሲለያዩ ከደረታቸው ፈትተው የሰጧቸው ይህንኑ ባጅ ነው። ዘመቻው በ1972 ዓ.ም. የዩኔስኮ ሽልማት ማግኘቱን እናቴ የሰሙት ብዙ ቆይተው ነው፤ ብዙም አልገረማቸውም። ለልጅቷ የመለሱላት፣ «እኔን ያስተማረችኝ ልጅቷ ናት፤ ዘመኑ አይደለም» ብለው ነበር። አባቴ ዝም አሉ።

ሁለት ቀን ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ቆየ። ይህ ጸሐፊ በበኩሉ ባጁ ይውጣ ባይ ነበር፤ የተደበቀ ነገር ልጆች ይረሱታል እንጂ አይማሩበትም በሚል። አሁን ሲያስበው ግን ጉዳዩ የክርክር አልነበረም፤ ሐዘኑ የአባቴ ነውና። በሦስተኛው ቀን አባቴ ራሳቸው ጨርቁን ገለበጡና ባጁን ከጀርባ፣ በገበሩ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርገው ሰኩት። አንዳችም አልተናገሩም።

እናቴ በዚህ ጊዜ ሌላ ሥራ ይዘው ነበር። በየባጁ ሥር ዓመተ ምሕረቱ በክር ይጠለፋል ብለዋል። የሌሎቹን እኅቴ ጠለፈች፤ የ1971ን ግን ለማንም አልሰጡም። ዐይናቸው ደክሟል፤ ክሩን በመርፌ የምታስገባላቸው ልጅቷ ናት። አራት አኃዝ ሦስት ምሽት ወሰደ። ዘጠኙ ጎብጦ ስድስት ሊመስል ደርሷል። እኅቴ ፈትታ ልታስተካክለው ብትጠይቅ፣ «ያኔም እንዲሁ ነበር የምጽፈው» ብለው ከለከሉ። ባለቤታቸው የማይታወቀው አምስቱ ባጆች ዓመት ሳይጻፍባቸው ከታች በአንድ ረድፍ ተሰኩ። ዘመድ ሲመጣ ምናልባት አንዱን የሚያውቅ ይገኛል በሚል ነው።

ለመስቀያ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቀርከሃ በቱቦው ውስጥ ገባ፤ በሁለቱ ጫፍ ሲባጎ ታስሮ በአንድ ምስማር ላይ ዋለ። ቦታው መመረጥ አለበት። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ የጥበቡን ቀለም ያደበዝዛል። ቡና ከሚፈላበት ማእዘን በላይ ከሆነም የከሰሉና የዕጣኑ ጢስ ባጆቹን ያለብሳቸዋል። እርጥበት ያለው የውጭ ግድግዳም አይመረጥም። የእኛ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ጎን ተሰቀለ። በዓመት አንድ ጊዜ ባጆቹ ወርደው ጨርቁ ይራገፋል፤ ዝገት የጀመረው ካለም ጨርቁን ሳያበላሽ ይለያል።

የከተራ ዕለት ታቦታቱን ሸኝተው የተመለሱ እንግዶች ቤት ሞሉ። አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ከታችኛው ረድፍ አንዱን ባጅ አይተው የአያቴ የዕድር ባጅ መሆኑን ነገሩን። አራት ቀሩ። ልጅቷም እንግዳ በመጣ ቁጥር የጨርቁን ጫፍ እያነሣች ከጀርባ ያለውን ታሳይ ጀመር። አባቴ ከወንበራቸው ሆነው አዩዋት። እኛ ይቆጣሉ ብለን ስንፈራ፣ «ለዚያም ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍበት» አሉ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «1977 ሳይሆን 1970» አሉ። እናቴ በበዓል መርፌ አይያዝም ብለው ቃና ዘገሊላ እስኪያልፍ አቆዩት፤ ጥር 13 ማለዳ ልጅቷን ለክር ጠሯት።