ትራንስፎርመር አቅጣጫ አያውቅም

«ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ስትጠብቅ የከረመች የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመራቂ፣ ተሳክቶላት ተቀጥራ «ምድብሽ ሱሉልታ ነው» ስትባል ፊቷ ይጠቁራል። ሰበታ ወይም ቡራዩ ቢሏትም ያው ነው። አምስት ዓመት ተምራ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፋ፣ ስታስበው የኖረችው ኮምፒውተር የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ነበር። የሚጠብቃት ቦት ጫማ፣ ሄልሜትና የፒክአፕ የኋላ ወንበር ነው። ይህ ጽሑፍ ለእሷ ነው። ዕድለኛ ናት።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች የአዲስ አበባ ኤሌክትሪክ የሚገባባቸው በሮች ናቸው። በ2002 ዓ.ም. ሁለት ትልልቅ ማመንጫዎች ሥራ ጀመሩ፦ 420 ሜጋ ዋቱ ጊቤ ሁለት እና 460 ሜጋ ዋቱ በለስ። የጊቤው 400 ኪሎ ቮልት መስመር ሰበታ ገባ፤ የበለሱ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዞሮ ሱሉልታ ደረሰ። ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ጥቂት ሲኬድ ደግሞ ከሕዳሴ ግድብ የሚመጣው 500 ኪሎ ቮልት መስመር ሆለታ ይገባል። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የባቡር ሐዲድ እንኳ የሚጀምረው ከሰበታ ነው፤ ከራሱ በላይ የ25 ኪሎ ቮልት ሽቦ ተዘርግቶለት። ሌላ ቦታ የተመደበ ተመራቂ ይህን ሁሉ ለማየት አገር ያቋርጣል። እሷ በታክሲ ትደርስበታለች።

በክፍል ውስጥ «ቮልቴጅ ሲጨምር ብክነት ይቀንሳል» ተብላ ነበር። ከማከፋፈያ ጣቢያው አጥር ሥር ቆማ ስታሰላው ነገሩ ይገዝፋል። ያንኑ ኃይል በ15 ኪሎ ቮልት ፈንታ በ400 ቢልኩት ከረንቱ ወደ 27 እጥፍ ያንሳል። በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ የከረንቱን ስኩዌር ስለሚከተል፣ በዚያው ዓይነት ሽቦ ላይ ከ700 እጥፍ በላይ ይቀንሳል።

ከቀመሩ ቀጥሎ የሚመጣው ትምህርት ከሞት የሚያድን ነው። ክረምት ነው እንበል። ሱሉልታ ላይ ነፋስ የጣለው ባሕር ዛፍ 15 ኪሎ ቮልቱን መስመር በጥሶታል፤ ጣቢያው ላይ ብሬከሩ ወድቋል፤ ሰፈሩ ጨልሟል። ጀማሪዋ «መስመሩ ጠፍቷል፣ እንጀምር» ትላለች። ሃያ ዓመት ምሰሶ ላይ የኖሩት የመስመር ሠራተኛ «ቆይ ልጄ» ይሏታል።

የሚያሰጋቸው ጄኔሬተር ነው። መብራት ሲሄድ አንድ ሱቅ ወይም ሆቴል ጄኔሬተሩን ያለ ማቀያየሪያ፣ በቀጥታ ከቤቱ መስመር ጋር አገናኝቶ ካስነሳ፣ ከረንቱ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፣ ትራንስፎርመሩም ላይ ይደርሳል። ትራንስፎርመር አቅጣጫ አያውቅም። 15 ኪሎ ቮልቱን ወደ 400 ቮልት እንደሚያወርደው ሁሉ፣ ከታች የገባለትን መልሶ ሺህ ቮልቶች አድርጎ ወደ ላይ ሊያወጣው ይችላል። ይህን በቀመር ጽፋዋለች፤ ማርክም አግኝታበታለች። ሽቦውን ሊጨብጥ የተዘረጋ እጅ ግን በፈተና ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዘለልም። መስመሩ ከኃይል ይነጠላል፤ ማንም መልሶ እንዳያስገባው ተቆልፎ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ምልክት ይሰቀልበታል፤ በመመርመሪያ ዘንግ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ሦስቱም ሽቦዎች እርስ በርስና ከመሬት ጋር ይታሰራሉ፤ አጠገብ ኃይል ያለበት ሌላ መስመር ካለ ይከለላል። መሬቱ ከታሰረ በኋላ አንድ ጄኔሬተር ከኋላ ቢነሳ እንኳ ኃይሉ ወደ መሬት ይሄዳል። ደንበኛ ቆሞ ቢጮህም፣ አለቃ በስልክ ቢቸኩልም፣ ከእነዚህ አንዷንም ለመዝለል እሺ የምትል ኢንጂነር መኖር የለባትም።

እኚያው የመስመር ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ግርጌውን በመዶሻ መታ መታ አድርገው ያዳምጡታል። የባሕር ዛፍ ምሰሶ በኬሚካል ቢታከምም የሚበሰብሰው ብዙውን ጊዜ አፈር በሚነካው ቦታ ነው። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው የታፈነ። ጆሮዋ ያንን ልዩነት እስኪለምድ ወራት ይፈጃል። እግረ መንገዷን ኦሮምኛዋንም ብታሻሽል ይበጃታል፤ አንዲት የቡራዩ እናት መብራቱን «ኢብሳ» እያለች የምታስረዳትን ብልሽት በአስተርጓሚ መስማት ሌላ፣ በራስ ጆሮ መስማት ሌላ ነው።

የኤሌክትሪኩ መንገድ ሌላው ጫፍ ወጥ ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይወስዳል። 200 ኪሎ ቮልት አምፒር የሆነ የሰፈር ትራንስፎርመር 57 ምጣድ እኩል ሲጣድበት አቅሙ ያልቃል፤ ፍሪጁና የእንጨት ሥራ ቤቱ ማሽን ገና አልተቆጠሩም። በበዓል ዋዜማ መጨረሻው ምሰሶ ላይ ያሉ ቤቶች አምፖላቸው እንደ ሻማ የሚደክመው ለዚህ ነው። ሰፈሩ በየወሩ አዲስ ቤት ሲጨምር ቅሬታው ይበዛል፤ ሁሉም «ትራንስፎርመሩ ይቀየር» ይላል።

እሷ ግን በዋዜማው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ክላምፕ ሜትር ይዛ እዚያው ትገኝ። ሦስቱ ፌዞች 190፣ 250 እና 310 አምፒር አነበቡ እንበል። በ400 ቮልት የዚህ ትራንስፎርመር ልክ በፌዝ 289 ነው። አንዱ ፌዝ ከልኩ አልፎ እየጋለ ነው፤ ሌላው መቶ የሚጠጋ አምፒር ተርፎታል። ድምሩ 750 ነው፤ ለሦስት እኩል ቢካፈል 250፣ ከልኩ በታች። ከበዓሉ ማግስት፣ መስመሩ ጠፍቶና መሬት ታስሮ፣ ከሦስተኛው ፌዝ ጥቂት ቤቶች ወደ መጀመሪያው ይዛወራሉ። መሰላል፣ ፒንሳ፣ ግማሽ ቀን።