ከእንግሊዝኛ ቅጽል ቀጥሎ ስለሚገባው መስተዋድድ

ለውጭ አገር ደንበኛ የሚላክ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ ታስቦ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ስሙና ግሱ ከመዝገበ ቃላት ስለሚገኝ እምብዛም አያስቸግርም። ጸሐፊውን የሚያሰናክለው ከቅጽል ቀጥሎ የሚገባው ትንሽ ቃል፣ መስተዋድድ የሚባለው ነው። አማርኛ «በ»ን፣ «ለ»ንና «ከ»ን ከስሙ ፊት ለጥፎ አሳቡን ይፈጽማል፤ እንግሊዝኛ ግን ለየቅጽሉ የራሱን ባልንጀራ መድቦለታል፤ ምደባውም ከአማርኛው ጋር ሁልጊዜ አይስማማም።

«ከናሙናው የተለየ» ለማለት «ዲፈረንት ፍሮም» ይባላልና በዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ተገናኝተዋል። ይህንን የለመደ ጸሐፊ «ከናሙናው ያነሰ» ሲል «ኢንፌሪየር ፍሮም» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም፤ ትክክለኛው ግን «ኢንፌሪየር ቱ» ነው። «ሱፒሪየር»ና «ፕራየር»ም እንዲሁ «ቱ»ን ይሻሉ፤ ሦስቱም ከላቲን የመጡ ማበላለጫዎች በመሆናቸው የእንግሊዝኛን ተራ ሕግ አይከተሉም። ከናሙናው ጋር እኩል የሆነ ቡናም «ኢኳል ቱ ሳምፕል» ይባላል እንጂ «ኢኳል ዊዝ» አይባልም። «ኢንተረስትድ ኢን» እና «ፉል ኦፍ» የመሳሰሉት ቢሳቱ ለጆሮ ይጎረብጣሉ እንጂ ተቀባዩ አሳቡን ሳያገኘው አይቀርም።

ገንዘብ የሚያስከፍለው ስሕተት ሌላ ነው። በመጀመሪያ «ዲዩ» የሚለው ቅጽል ይጠቀሳል። «ዲዩ ቱ አስ» ማለት ለእኛ ሊከፈል የሚገባ ሒሳብ ነው፤ «ዲዩ ፍሮም አስ» ማለት ግን ከእኛ የሚፈለግ ዕዳ ነው። አንድ ላኪ ያልተከፈለውን ቀሪ ሒሳብ ሲጠይቅ «ዲዩ ፍሮም አስ» ብሎ ቢፈርም፣ ባለገንዘቡ ራሱን ባለዕዳ አድርጎ ጻፈ ማለት ነው። ከመስተዋድዱ ቀጥሎ የሚመጣው ማን እንደሆነ ማስተዋል ይበቃል፤ ከ«ቱ» ቀጥሎ ተቀባዩ፣ ከ«ፍሮም» ቀጥሎ ከፋዩ ይቆማል። በሒሳብ መዝገብ «ዲዩ ፍሮም» በሀብት በኩል፣ «ዲዩ ቱ» በዕዳ በኩል የሚመዘገበውም ስለዚሁ ነው፤ በዚያ ቀጥሎ የሚጻፈው የሌላው ወገን ስም ነውና። የመክፈያው ቀን ሲነገር ደግሞ «ዲዩ ኦን» ይባላል።

«ላየብል»ም ከዚህ አያንስም። «ላየብል ፎር ዳሜጅ» የተባለ ሰው ለጉዳቱ ኃላፊ ነው። «ላየብል ቱ ዳሜጅ» የተባለ ዕቃ ግን በቀላሉ ሊበላሽ የሚችል ነው። ስለ አጓጓዡ ኃላፊነት ሊጽፍ ፈልጎ «ፎር»ን በ«ቱ» የለወጠ ሰው ክርክሩን ገና ሳይጀምር አደብዝዞታል። «ሪስፖንሲብል» ሁለቱንም ይቀበላል፤ «ቱ» ለሰው፣ «ፎር» ለነገር ነው፤ ሻጭ ለገዢው «ቱ»፣ ለጐደለው ጆንያ «ፎር» ይጠየቃል።

በሌተር ኦፍ ክሬዲት ላይ የሚገኘው «አቬይለብል» ደግሞ ሁለት መስተዋድዶችን በአንድነት ይዞ ይመጣል። የዓለም አቀፍ ንግድ ምክር ቤት ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት ቁጥር 600 ደንብ በአንቀጽ 6 ክሬዲቱ ሁለቱንም እንዲገልጽ ያዛል። «አቬይለብል ዊዝ» ሰነዱ የሚቀርብለትን ባንክ ያመለክታል፤ «ባይ» የአከፋፈሉን መንገድ፣ ይኸውም ሰነዱ እንደታየ መክፈልን፣ ቆይቶ መክፈልን፣ የሐዋላ ወረቀቱን መቀበልን ወይም ሰነዱን መግዛትን ያስታውቃል። «ዊዝ»ን አይቶ «ባይ»ን ያላነበበ ላኪ ገንዘቡን ዛሬ ሲጠብቅ፣ ባንኩ ከ90 ቀን በኋላ ሊከፍለው ይችላል።

የዋጋ ማቅረቢያ በሚጻፍበት ጊዜም «ሰብጀክት ቱ» የሚለው ሐረግ አይረሳ። «ሰብጀክት ቱ አወር ኮንፈርሜሽን» ተብሎ የቀረበ ዋጋ ሻጩ ካላረጋገጠው በቀር አያስገድደውም። በ«ቱ» ፈንታ «ፎር» ወይም «ዊዝ» ቢገባ ግን ገዢው በቅድመ ሁኔታው ላይ ጥያቄ ለማንሣት በር ያገኛል።

ትርጉሙን ብቻ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ለዚህ ሥራ አይበቃም። ሆርንቢ ያዘጋጀውና በኦክስፎርድ የሚታተመው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ከቅጽሉ ጋር መስተዋድዱን ጭምር ስለሚያሳይ በጽሕፈት ቤት ቢኖር ይጠቅማል። ቅጽሉን ለብቻው ከማጥናት ይልቅ ከባንክና ከመድን ወረቀቶች ሙሉውን ዐረፍተ ነገር እየገለበጡ በአንድ ደብተር ማኖር ይሻላል፤ ደብዳቤውም ወደ ፊርማ ከመቅረቡ በፊት «ቱ»፣ «ፎር»፣ «ፍሮም» የሚሉት ብቻ አንድ ጊዜ ተለይተው ይታዩ።