«ሽሬ» ተጠብቃለች፤ የጎጃም አርበኛስ?

ከሃይፋ ወደብ ወጣ ብሎ፣ ከሠላሳ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ አንዲት የጣሊያን ሰርጓጅ መርከብ ወድቃለች። ስሟ «ሽሬ» ነው፤ የእኛው የትግራዩ ሽሬ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1942 አንድ የእንግሊዝ የጦር መርከብ በፈንጂ መታትና 60 ሰው እንደያዘች ሰጠመች።

ስሙ በዘፈቀደ አልተሰጠም። ፋሺስቶቹ ኢትዮጵያን በወረሩ ማግስት 17 አንድ ዓይነት ሰርጓጅ መርከቦች ባሕር ላይ አወረዱ። አብዛኞቹን በኢትዮጵያ ምድር ስም ጠሯቸው፦ ዓድዋ፣ አክሱም፣ ተምቤን፣ አራዳም፣ አሸንጌ፣ መቀሌ፣ ደሴ፣ ጎንደር፣ ነገሌ፣ አላጌ። ጦርነቱን በሕይወት የጨረሰችው «አላጌ» ብቻ ናት።

«ሽሬ» ግን ሞታም ባለቤት አላጣችም። እ.ኤ.አ. በ1984 ጠላቂዎች የ42 ሰዎችን አጽም አውጥተው ባሪ ከተማ በሚገኘው የወታደሮች መካነ መቃብር አሳረፉ። የቀረው የመርከቧ አካል የጦርነት መቃብር ተብሎ ይከበራል። ጠላቂ ገብቶ እንዳይነካካም ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። ይህን ስጽፍ በጣሊያኖቹ አልቀናም። ሙታናቸውን ማክበራቸው ደግ ነው። የሚቆረቁረኝ ስሟን ያዋሰው አገር ሙታን ጉዳይ ነው።

ወደ ጎጃሙ አዊ ዞን እንምጣ። በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ እንጅባራ ሲደርስ ብርዱ ይቀበለዋል፤ ከአስፋልቱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ተደርድሮ ያያል። ጥቂት ወጣ ካለ ዳንግላ ነው። በወረራው ዘመን ሁለቱም ከተሞች የጣሊያን ምሽግ ነበሩ። በ1930 ጎጃም ሲያምፅ የፋሺስት ጦር በአውሮፕላን ጭምር ወርዶበታል። በነሐሴ 1932 የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ተሻግሮ ሲመጣ በዳንግላ ዙሪያ የሚዋጉት የደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ አርበኞች ቀድመውት ዓመታት ተዋግተዋል። በየካቲት 1933 ጣሊያኖች ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ወጡ። ያ ሁሉ ሲሆን የወደቀው ገበሬ ግን በስም የሚታወቅበት የመዝገብ ገጽ የለውም። ዘመድ የደረሰለት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያርፋል፤ ያልደረሰለት በወደቀበት ይቀራል።

እርግጥ አዊ ረስቷል ማለት ግፍ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሱን ሸልሞ እንጅባራ ሜዳ ላይ ሲወጣ የዓድዋ ዘማቾችንና አርበኞችን ያስባል፤ የወደቁት ፈረሶች እንኳ አይዘነጉም። መታሰቢያው ሕያው ነው። ጉድለቱ ቦታው ላይ ነው። ሜዳው በዓሉን ያስተናግዳል፤ መቃብሩ የት እንደሆነ ግን አይናገርም።

መቃብሩ ሲታወቅ ምን እንደሚመስል በዚያው በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ፣ ዘረት ላይ ይታያል። በሚያዝያ 1931 የጣሊያን ጦር «አመፀኛ ዋሻ» ውስጥ የተሸሸጉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ ፈጀ፤ እጃቸውን ከሰጡት ውስጥ ብዙ መቶ ወንዶችን ረሸነ። ጣሊያናዊው የታሪክ ምሁር ማቴዎ ዶሚኒዮኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩን ለዓለም አሳወቀ፤ ቀጥሎም የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች ዋሻውን አጠኑ። ያገኙት የሰው አጥንት፣ የልብስ ቁራጭ፣ የእህል ማስቀመጫና የጥይት ቀለህ ነው። ሸሽተው የገቡት ከነልጆቻቸውና ከነስንቃቸው መሆኑን ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ በአንቀጽ 34፣ ከወረራ ጋር በተያያዘ የሞተና በሰው አገር በጦርነት የወደቀ ሰው አጽም እንዲከበር፣ መቃብሩም እንዲጠበቅና ምልክት እንዲደረግበት ያዝዛል። በገዛ መሬቱ ሲዋጋ የወደቀው ግን በዋናነት የገዛ አገሩ አደራ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1986 ለሰጠሙ የጦር መርከቦችና ለወደቁ የጦር አውሮፕላኖች ለብቻ ሕግ አውጥታለች። የእኛው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ጥያቄው፦ በአዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ላይ፣ ለከሰል የሚሆን የዲከረንስ ዛፍ ሊተክል ጉድጓድ የሚቆፍር ገበሬ አጥንት ቢያወጣ «ይህ ቅርስ ነው» የሚለው ማን ነው? የማንም መቃብር ነው ብሎ ወደ ጎን ቢያደርገው ማን ይፈርድበታል?

እኔ ሐውልት አልጠይቅም። ሐውልት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሲመረቅም ንግግር ይበዛዋል። የምጠይቀው መዝገብ ነው፦ ቦታው፣ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ የሚነገረው ስም፣ የነገረን ሽማግሌ። ይህን ለማድረግ የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራንና የፈረሰኞቹ ማኅበር በቂ ናቸው። በ1933 የተወለደ ልጅ እንኳ ዛሬ ሰማንያን አልፏል፤ ምስክሩ በየዓመቱ እያነሰ ነው። በአዊም ሆነ በሌላው ጎጃም «አያቴ እዚህ ወድቆ እዚህ ተቀበረ» ሲባል የሰማችሁ ቤተሰቦች፣ ሽማግሌው በሕይወት እያሉ ቦታውን አሳይተዋችሁ ጻፉት፤ አንድ ቅጂ ለደብሩ፣ አንድ ቅጂ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስጡ።