ቡክ ስም ነው ወይስ ግስ?

የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ መጣች። "አይ ዋንት ቱ ቡክ ኤ ሩም" (ክፍል አስቀድሜ መያዝ እፈልጋለሁ) በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ "ቡክ" ከሥሩ ተሰምሮበታል። የቃል ክፍሉን ስትጠየቅ "ስም" ብላ ጽፋለች፤ መልሷ ላይ በቀይ እስክርቢቶ ኤክስ ተደርጎበታል። "ቡክ መጽሐፍ አይደል እንዴ? መጽሐፍ ደግሞ የነገር ስም ነው" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ልጅቷ የተማረችውን በትክክል ነው የመለሰችው። ስም የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ ነው፤ ግስ ድርጊትን ይገልጻል፤ ቅጽል ስምን ይገልጻል። እኛም እንዲሁ በቃላችን ይዘን ነው ያደግነው። ችግሩ ያለው ከብያኔው ላይ ነው። "ዲስትራክሽን" ማለት ማፍረስ ወይም መውደም ነው፤ ከዚህ በላይ ድርጊት የለም፤ ሆኖም በእንግሊዝኛ ስም ነው። ማወቅን የሚገልጸው "ኖው" ደግሞ የሚታይ ድርጊት የለበትም፤ ሆኖም ግስ ነው። እንግሊዝኛ ቃልን የሚመድበው በትርጉሙ ብቻ ሳይሆን በዋናነት በዓረፍተ ነገር ውስጥ በያዘው ቦታና በሚሠራው ሥራ ነው።

ይህን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያውቁታል። ሮጀር ብራውን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1957 (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጥናት ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሆኑ ልጆች አንድ ሥዕል አሳየ። በሥዕሉ ላይ ሁለት እጆች በአንድ ዕቃ ውስጥ ያለ ብጥስጣሽ ነገር ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው ያሻሉ። ብራውን "ሲብ" የሚል፣ ልጆቹ የማያውቁትን ቃል ተጠቀመ። ከዚያም ቃሉን በሦስት መንገድ አቀረበው፤ "ሲቢንግ"፣ "ኤ ሲብ"፣ "ኤኒ ሲብ"። ቀጥሎ ሌሎች ሦስት ሥዕሎችን አቅርቦ ልጆቹን አስመረጣቸው። "ሲቢንግ" የቱ ነው ሲባሉ አብዛኞቹ የማሻሸቱን ሥዕል፣ "ኤ ሲብ" ሲባሉ የዕቃውን፣ "ኤኒ ሲብ" ሲባሉ ደግሞ የብጥስጣሹን ሥዕል መረጡ። የቃሉን ትርጉም የነገራቸው ማንም የለም። መንገዱን ያሳዩዋቸው ከፊቱ የቆሙት "ኤ" እና "ኤኒ"፣ ከኋላው የተቀጠለችውም "ኢንግ" ናቸው። እኔ ከማውቃቸው የቋንቋ ሙከራዎች ሁሉ እንደዚህ ቀላልና እንደዚህ ጥልቅ የሆነ አላየሁም።

እንግሊዝኛ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከ1,000 ዓመት በፊት በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ "ፍቅር" የሚለው ስም "ሉፉ"፣ "መውደድ" የሚለው ግስ ደግሞ "ሉፊያን" ነበር። ቃሉን ሲሰሙት ስም ይሁን ግስ መድረሻው ይናገራል። ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት የቃላት መድረሻዎች እየሟሸሹ ሄዱና ሁለቱም ዛሬ "ላቭ" በምንለው አንድ ቃል ተጠቃለሉ። መድረሻው ይሠራው የነበረውን ሥራ የቃላት ቅደም ተከተል ወረሰው። "ራውንድ" የሚለውን ቃል ብንወስድ እንደ አገባቡ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስና መስተዋድድ ሆኖ ያገለግላል፤ መልኩ ግን ያው ነው።

አማርኛ ተናጋሪን የሚያደናግረው ይኸው ነው። የእኛ ቃል ማንነቱን ከላዩ ላይ ለብሶ ነው የሚመጣው። ሰ፣ በ፣ ረ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ይዘን "ሰበረ" ስንል ግስ፣ "ስብራት" ስንል ስም፣ "ሰባራ" ስንል ቅጽል ይሆናል። ዓረፍተ ነገር ሳንሰማ እንለየዋለን። ስለዚህ ተማሪው እንግሊዝኛ ቃል ሲያይ መልሱን ከቃሉ ከራሱ ላይ ይፈልጋል፤ መልሱ ግን ጎረቤቱ ላይ ነው ያለው።

ማስረጃው ከዕለት ተዕለት ንግግራችን አይርቅም። "ትኬት ቡክ አደረግሁ"፣ "ስልኬን ቻርጅ አድርጊልኝ"፣ "ፋይሉን ሴቭ አድርገው" እንላለን። እነዚህ ቃላት በእንግሊዝኛ ራሳቸውን የቻሉ ግሶች ናቸው። የአማርኛ ጆሮ ግን የግስ መልክ የሌለውን ቃል ብቻውን ግስ አድርጎ አይቀበልም፤ "አደረገ" የሚለውን ተሸካሚ ይሰጠዋል። የእህቴ ልጅ "ቡክ አደረግሁ" ስትል ቡክ ብቻውን ግስ እንዳልሆነ ቋንቋዋ እየነገራት ነው። ስህተቷ ከስንፍና የመጣ አይደለም።

የእንግሊዝኛ የቃል ክፍሎች ስምንት ናቸው ሲባል የምንሰማው ቁጥር የመጣውም ከሌላ ቋንቋ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው ዲዮናስዮስ ትራክስ፣ በስሙ በሚታወቀው የግሪክኛ ሰዋስው ውስጥ ስምንት የቃል ክፍሎችን ቆጠረ። ከስምንቱ አንዱ መስተአምር ነበር፤ እንደ እንግሊዝኛው "ዘ" ያለ ማለት ነው። ሮማውያን የግሪኮቹን ትምህርት ወደ ላቲን ሲያመጡ ግን ላቲን መስተአምር የለውም፤ እሱን አወጡና ቃለ አጋኖን አስገቡ፤ ቁጥሩም ስምንት ሆኖ ቀጠለ። ዊልያም ቡሎካር የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው በ1586 ሲያሳትም የላቲኑን ልብስ አለበሰው። ቅጽል ለረጅም ጊዜ የስም ዓይነት ሆኖ ይቆጠር ነበር። በ1795 የታተመው የሊንድሊ መሬይ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ዘጠኝ የቃል ክፍሎችን ቆጠረ። በአገራችንም ባዬ ይማም በአማርኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው የአማርኛን የቃል ክፍሎች ወደ አምስት አውርደዋቸዋል፤ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስና መስተዋድድ። ቁጥሩ የሚወሰነው በቋንቋው ጠባይና በተመራማሪው መመዘኛ ነው።

ታዲያ ተማሪው ምን ይያዝ? ግራና ቀኙን ይመልከት። ከቃሉ በፊት "ኤ"፣ "ዘ" ወይም "ማይ" ካለ ስም እየመጣ ነው፤ መካከል ላይ ቅጽል ሊገባ ይችላል። "ካን"፣ "ዊል" ወይም "ማስት" ከቀደመው ግስ ነው። "ቱ" ግን ጥንቃቄ ትፈልጋለች፤ "ቱ ቡክ" ላይ ግስን፣ "ቱ ስኩል" ላይ ስምን ትመራለች። አንዳንዴ ፍንጩ ድምፅ ነው። "ሬከርድ" ብለን የመጀመሪያውን ክፍል አጉልተን ከጠራን ስም፣ "ሪኮርድ" ብለን ኋለኛውን አጉልተን ከጠራን ግስ ነው፤ "ፐርሚት" እና "ኤክስፖርት"ም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ።

በቅርጽ ብቻ መተማመን እንዴት እንደሚያስት አንድ ምሳሌ ላሳይ። በቃሉ መጨረሻ "ሊ" ካለ ተውሳከ ግስ ነው ተብለን ተምረናል። ነገር ግን "ፍሬንድሊ" ቅጽል ነው። "ሂ ዎርክስ ሃርድ" ሲባል ሰውየው ጠንክሮ ይሠራል ማለት ነው። ተማሪው ሕጉን አክብሮ "ሂ ሃርድሊ ዎርክስ" ካለ ግን ሰውየው ሥራ እምብዛም አይነካም ብሎ አረፈ። ለሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ዋጋ ያስከፍላል።

የእህቴን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ "ቡክ"ን በእጄ ሸፈንኩትና በቦታው ምን ሊገባ እንደሚችል ጠየቅኋት። "ክሊን" አለች፤ ቀጥላ "ሲ" እና "ባይ" አለች። ሦስቱም ግሶች ናቸው። ራሷ አየችውና መልሷን አስተካከለች። መምህራን ሆይ፣ ቃሉን ከዓረፍተ ነገሩ ነጥላችሁ "ይህ ምንድን ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቦታውን ሸፍኑትና ልጆቹ ይሙሉት።