ጫማው ሳይቀደድ ያረጃል

ሰው ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ወይም ጉልበቱን ይዞ ወደ ሥራ ክፍሌ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ጫማውን ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ታካሚዎቼ ግን «ዶክተር» ይሉኛል፤ ማረሙን ከተውኩት ቆይቻለሁ። «ጫማዎን አውልቀው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡልኝ» ስል አብዛኛው ሰው ያፍራል። ጭቃ አለው፣ ይሸታል ብሎ ይሳቀቃል። እኔ ደግሞ የምፈልገው እሱኑ ነው። ተረከዙ በየትኛው ጎን እንደተበላ፣ አውራ ጣቱ ጨርቁን የት ጋ እንደወጠረው፣ የኋላው ድጋፍ ማሰሪያ ሳይፈታ እየተረገጠ ስንት ጊዜ እንደተደፈጠጠ ያሳየኛል።

እዚህ ሀዋሳ ሰኞ ሰኞ ወለምታ ይበዛል። እሁድ የሰፈር ኳስ አለ፣ ታቦር ተራራን መውጣት አለ፣ በሐይቁ ዳርቻ ከአሞራ ገደል ወዲህና ወዲያ መመላለስ አለ። አንዳንዱ በቀጥታ ይመጣል፤ አንዳንዱ ወጌሻ ጋ ታሽቶ፣ እብጠቱ ብሶበት ይደርሳል። «ምን ዓይነት ጫማ አድርገህ ነበር?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ተመሳሳይ ነው፦ «ስፖርት ጫማ ነው። ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም።» እውነትም ሲያዩት ደህና ነው። አልተቀደደም፣ ሶሉ አልተላቀቀም፣ ታጥቦ ነጥቷል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። እኛ የጫማን ጥንካሬ የምንለካው በመቀደዱና ባለመቀደዱ ነው፤ እግር ግን ጫማውን በሌላ ሚዛን ይመዝነዋል።

የስፖርት ጫማ በጥቅሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። ከላይ እግርን የሚይዘው ጨርቅ ወይም ቆዳ፣ ከታች መሬት የሚነካው ጎማ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ስፖንጅ የሚመስለው ለስላሳ ክፍል። የላይኛውን ሁሉም ያየዋል። የታችኛው ሲያልቅም ጥርሱ ስለሚጠፋ ይታወቃል። መካከለኛው ግን ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የአየር ቋቶች በየእርምጃው ይጨመቃሉ፤ ውለው አድረው ወደ ቦታቸው መመለስ ያቅታቸዋል። ለሩጫ ጫማ በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ግምት ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ እንደ ሰው ክብደት፣ እንደ መሬቱና እንደ ጫማው አሠራር ይለያያል። ቢሆንም በቀን 5 ኪሎ ሜትር በአንድ ጫማ የሚሄድ ሰው በስድስት ወር ውስጥ 900 ኪሎ ሜትር እንደሚሞላ ማስላት ቀላል ነው። እኛ አገር ደግሞ ያው ጫማ ለሥራም፣ ለገበያም፣ ለእሁድ ኳስም ያገለግላል፤ ከዚያም ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል።

መሞቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይመልከቱት። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ መካከለኛው ክፍል በዚያ በኩል ሰጥሟል። ጎኑን ይዩት፤ ስፖንጁ ላይ አግድም የተሰመሩ ጥልቅ ሽብሽቦች ካሉ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑትም እንደ ደረቀ ዳቦ እምቢ ካለ፣ ያ ጫማ ለመንገድ ቢሆን እንጂ ለጨዋታ አይሆንም። ጫማ ሰፊዎቻችን ተአምር ይሠራሉ፤ የተላቀቀውን በማስቲሽ ያጣብቃሉ፣ ዙሪያውን በክር ይሰፋሉ፣ ሶል ይቀይራሉ። የጠፋውን ልስላሴ ግን የሚመልስ መርፌ የለም። የተሰፋው ጫማ ዕድሜው ረዘመ ስንል የረዘመው የላይኛውና የታችኛው ዕድሜ ነው።

ጫማን ሳያደርጉ ማስቀመጥም አያድነውም። ከውጭ የተላከ ጫማ «ለክፉ ቀን» ተብሎ በካርቶኑ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጥና በወጣ በመጀመሪያው ቀን ሶሉ እየተፈረፈረ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰው «ፌክ ነበር» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ፖሊዩሪቴን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ሶል ከአየሩ እርጥበት ጋር በጊዜ ብዛት ይፈራርሳል፤ መደረጉ ሳይሆን መቀመጡ ይጨርሰዋል። ስለዚህ በሰልባጅም ሆነ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የቆየ ጫማ ሲገዙ ሶሉን በእጅ አጥፎ መዘርጋት ይበጃል። ስንጥቅ ብቅ ካለ፣ ወይም ዱቄት የመሰለ ነገር ከረገፈ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ ውድ ነው።

ወደ ምቾት ስንመጣ ከአበበ ቢቂላ የተሻለ መምህር አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈበትን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ሰው ግን ጫማን የናቀ ጀግና አድርጎ ያስታውሰዋል። አበበ ጫማ አልናቀም። በዚያን ጊዜ ከቀረቡለት ጫማዎች ለእግሩ የሚመች አላገኘም፤ በባዶ እግሩ ልምምድ አድርጎ ስለነበርም የማይመቸውን አድርጎ ከመሮጥ ባዶ እግሩን መረጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ከሁለቱ ውድድሮች የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ የማይመች ጫማ ከባዶ እግር ሊብስ ይችላል።

ሻጩ «ትንሽ ሲያደርጉት ይሰፋል» ሲል አይመኑት። በካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሩጫ ጫማ ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ቤኖ ኒግ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰው ገና ሲያደርገው የሚሰማው ምቾት ጥሩ መምረጫ ሊሆን እንደሚችል ተከራክረዋል። ያ ስሜት የሚታመነው ግን በትክክል ከተለካ ነው። እግር ከሰዓት በኋላ በመጠኑ ስለሚያብጥ ጫማ በጠዋት አይገዛም። የሁለቱ እግሮች መጠን ብዙ ጊዜ እኩል ስለማይሆን የሚለካው በትልቁ ነው። ቆመው ሲለኩት ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት የሚያህል ቦታ ይተርፍ፤ ታቦርን ሲወርዱ እግር ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ያ ቦታ ካልኖረ ጥፍር ይጠቁራል። ለጨዋታ የሚያደርጉትን ካልሲ ይዘው ይሂዱ። በሱቁ ምንጣፍ ላይ ሁለት እርምጃ ሄዶ መመለስም አይበቃም፤ በር ላይ ወጥተው ኮብልስቶኑ ላይ ይራመዱበት፣ ባለሱቁ ቢቆጣም።

ሀዋሳ ለጥ ያለች ከተማ ስለሆነች ማንኛውም ጫማ የሚበቃት ይመስላል። እግር ግን በአንድ ቀን ብቻ ብዙ ዓይነት መሬት ይረግጣል። ኮብልስቶኑ በድንጋዮቹ መካከል ክፍተት አለው፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ያንሸራትታል። ታቦር ላይ የላላ ጠጠር አለ፤ መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው ሰው የሚጥለው። የሐይቁ ዳር ሣር ጠዋት ጤዛ ይይዛል፣ ከሥሩም ጭቃው አይታይም። የሰፈሩ ሜዳ በበጋ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል፣ በክረምት ይላቁጣል። «ጠንካራ ጫማ የቱ ነው?» ለሚለኝ ሰው መልሴ «የት ልትቆምበት? ምን ልትሠራበት?» የሚል ነው።

አንድ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ ወጣት ይህን ነገር በደንብ አሳይቶኛል። እዚያ ዲስክ ጎልፍ ይጫወታል። ለብዙ አንባቢ እንግዳ ስለሆነ ባጭሩ ላስረዳ። የሚበር የፕላስቲክ ሰሃን እየወረወሩ፣ ወደ ወደቀበት ቦታ ተከትለው እየሄዱ፣ በመጨረሻ ሰንሰለት በተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ነው፤ በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ለጨዋታው የተዘጋጀ የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ በኤድ ሄድሪክ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሠራ። ሜዳው ብዙ ጊዜ 18 ቅርጫት አለው፤ በሣር፣ በዛፍ መካከል፣ በዳገትና በቁልቁለት ያስኬዳል። ወጣቱ እዚህም ከአጎቱ ልጆች ጋር በሐይቁ ዳር ሰሃኑን ሲወረውር ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት መጣ።

ጫማው ጠረጴዛዬ ላይ ሲወጣ የግራና የቀኙ ያለቀበት ቦታ ለየቅል ነበር። የግራው አፍንጫው ተልጧል፤ የቀኙ ከተረከዙ ሥር ክብ ሆኖ ተበልቷል። በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው ተንደርድሮ ቀኝ እግሩን ይተክልና ሰውነቱን በሙሉ በእሱ ላይ ያዞራል፤ የግራው ጫማ አፍንጫ ደግሞ መሬቱን እየፋቀ ይከተላል። ጫማው ጥሩ የሩጫ ጫማ ነበር፤ ወፍራምና ለስላሳ ሶል ያለው። የሩጫ ጫማ ግን የሚሠራው ወደ ፊት ብቻ ለሚሄድ እግር ነው። ወደ ጎን ሲገፉት ለስላሳው ሶል ይሰምጣል፤ ከፍታው ደግሞ ቁርጭምጭሚቱን ከመሬት ስለሚያርቀው አንዴ ካጋደለ ለመመለስ ያስቸግራል። እርጥብ ሣር ሲጨመርበት ወለምታው ቀጠሮ የያዘ ያህል ነው።

እንዲህ ላለ ጨዋታ የምመክረው ለመሬት ቀረብ ያለ፣ ሶሉ ሰፊ፣ ጎኑና ተረከዙ ጠንከር ያለ፣ ከሥሩ አጫጭር ጥርሶች ያሉት፣ አፍንጫው በጎማ የተሸፈነ ጫማ ነው። የተራራ ሩጫ ጫማ የሚባለው ለዚህ ይቀርባል። በእጅ ይዘው ሲጠመዝዙት እንደ ፎጣ የሚጠመዘዝ ከሆነ ይተዉት። ሲያጥፉት መታጠፍ ያለበት በጣቶቹ መነሻ በኩል ነው፤ ወገቡ ላይ ከታጠፈ እግርን አይሸከምም። ይኸው ምክር በሰፈር ሜዳ ለሚሯሯጥ፣ መረብ ኳስ ለሚጫወት፣ ታቦርን ለሚወጣም ያገለግላል፤ ሁሉም ይዞራሉ፣ ሁሉም ድንገት ይቆማሉ።

የማያንሸራትት ሁሉ ግን ጥሩ አይደለም። በደረቅ ሜዳ ላይ ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ የሚያደርጉ ልጆች አሉ። ጥርሱ መሬቱን ነክሶ ሲይዝ እግር ይቀራል፣ ሰውነት ይዞራል፤ መሐል ላይ የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው። ወለምታ በሳምንታት ይድናል፤ የተበጠሰ የጉልበት ጅማት ግን ወራት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ለደረቅ ሜዳ አጭርና ብዙ ጥርስ ያለው ይሻላል።

ውኃ የማያስገባ ጫማ የሚያምራቸውም አሉ። በሀዋሳ ክረምት ግን ውኃ ብዙ ጊዜ የሚገባው በላይ በኩል፣ በካልሲ ነው፤ ከገባ ደግሞ ያው ውኃ የማያስገባው ጨርቅ አያስወጣውም። በፍጥነት የሚደርቅ ስስ ጨርቅ ለኛ አየር ይስማማል። የረጠበ ጫማ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት በጥላ ይድረቅ። ከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም ቀትር ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ሰው ማስቲሹን በገዛ እጁ ያላቅቃል።

«ውድ ጫማ ይበረክታል» የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ፣ ኩባንያው ራሱ ለአንድ ማራቶን ብቻ አስቦ የሠራው ነበር። ዋጋው የተከፈለው ለፍጥነት ነው እንጂ ለዕድሜ አይደለም። በሌላ በኩል ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ በርካሽ ተገዝቶ ለዓመታት ያገለግላል፤ ለመዞርና ለመዝለል ግን አይሆንም። ሁለቱም ለተሠሩበት ሥራ ጥሩ ናቸው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ከጨዋታ በፊት የሚቀድም ጫማ እንዳለ አልዘነጋም። ከሀዋሳ ብዙም በማይርቁት የሲዳማና የወላይታ ደጋማ አካባቢዎች በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግራቸውን ያረሱ ሰዎች በፖዶኮኒዮሲስ እግራቸው ያብጣል። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ገምቷል። ትንኝም ትልም አያመጣውም፤ ሰውነታቸው ለበሽታው የተጋለጠ ሰዎች ላይ የአፈሩ ጥቃቅን ማዕድናት በቆዳ ገብተው ያስከትሉታል። መከላከያው እግርን በየቀኑ መታጠብና እግርን የሚሸፍን ጫማ ከልጅነት ጀምሮ ማድረግ ነው። ስለዚህ «እኔ ያለኝ አንድ ጫማ ብቻ ነው» የሚለኝን ሰው ሁለተኛ ግዛ ብዬ አላስጨንቅም። እግርህን የሚሸፍን፣ የሚበቃህ፣ ዝቅ ያለና ጎኑ ጠንካራ ይሁን እለዋለሁ፤ እሱ ገበያም ሜዳም ያደርሳል።

ሁለት መግዛት የሚችል ግን የጨዋታውን ከመንገዱ ይለይ። ጫማውን የገዛበትን ወርና ዓመት በምላሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፍ። በየሦስት ወሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ይመልከተው። ያጋደለ ዕለት ለመንገድ ያውለው፤ በዚያ ጫማ እሁድ ሜዳ አይግባ። ይህን የሚያደርግ ሰው ሰኞ ጠዋት እኔ ክፍል ወረፋ የሚይዝበት ምክንያት በአንድ ይቀንስለታል።